ዐፉ ሊባል የሄደ ሰው

ሙኒር ያን ሐሙስ መካ የሄደው አላህን ፈርቶ ነው ወይስ የሽማግሌውን ክፍል አንዴ ለማየት? ጓደኛው ሁንዴ ይህን ዛሬም ራሱን ይጠይቃል። አብሮት የሄደው እሱ ነው፤ በሩ ላይ አብሮት የቆመውም እሱ ነው። ቢሆንም አያውቅም።

ሙኒር የባቲ ልጅ ነው። ቀጭን፣ ድምፁ የማይሰማ፣ ሲስቅ አፉን በእጁ የሚሸፍን። መካ፣ መንሱር ሰፈር፣ ባባ ሳሊሕ የሚባሉ ዐይነ ስውር ሽማግሌ ቤት ገብቶ ዓመታት አገለገለ። ያጥባቸዋል፣ ያለብሳቸዋል፣ ክንዳቸውን ይዞ መስጊድ ያደርሳቸዋል። የመኖሪያ ፈቃዱ ግን በልጃቸው በአቡ ፋይሰል ስም ነበር፤ ከፊሉ፣ ማለት ዋስና አሠሪው፣ እሱ ነው። አቡ ፋይሰል አባቱን የሚጠይቀው ኢድ ሲደርስ ብቻ ነበር። ሽማግሌው ሊሞቱ ሲያጣጥሩ ግን ልጃቸው አጠገባቸው ተቀምጦ ሳለ የጠሩት ሙኒርን ነው። «ሙኒር! ሙኒር የት ሄደ?» እያሉ አለፉ።

ከቀብር መልስ ያ ቤት ለሙኒር እሳት ሆነበት። አቡ ፋይሰል በሰው ፊት ይሰድበዋል፣ የሰጠውን ሻይ መሬት ላይ ይደፋበታል። ሐዘኑ እንኳ ሳያልቅ ሙኒር ሳይሰናበት ወጣና ጅዳ ገባ። ሰቢል በሚባል ሰፈር ውስጥ፣ የአርሲው ልጅ ሁንዴ ከሚኖርባት ጠባብ ክፍል አንድ ፍራሽ አገኘ። ሁለቱ የቀን ሥራ እየሠሩ አብረው ከረሙ።

በሁለት ሺህ አምስት ዓመተ ምሕረት የአገሩ መንግሥት ምሕረት አወጀ። ከከፊሉ የጠፋም ቢሆን ቀኑ ሳያልፍ ጀዋዛት፣ ማለት ፓስፖርት ቢሮ ሄዶ የመውጫ ማኅተም ካስመታ፣ ያለ ቅጣት በክብር ይወጣል። ሙኒር እንደዚያ ቀን ደስ ብሎት አያውቅም። እህቱ ሚስከር ዶሃ ከባሏ ጋር የልብስ ስፌት ሱቅ አላት፤ ቪዛም አውጥታለታለች። እንደ ተባራሪ አሻራ ሰጥቶ ከወጣ ግን ዐረብ አገር ሁሉ ይዘጋበታልና የዶሃ ነገር አለቀለት። ፓስፖርቱን ባባ ሳሊሕ ራሳቸው፣ ገና በደህናቸው፣ ከልጃቸው ሣጥን አስወጥተው እጁ ላይ አኑረውለት ነበር። ከአቡ ፋይሰል የሚፈልገው አንዳች ነገር አልነበረም።

ግን ሙኒር የወሎ ሰው ነው። በእነሱ አገር ሰው ሩቅ ሊሄድ ሲል አብሮት የበላውን ሁሉ እየዞረ «ዐፉ በሉኝ» ይላል፤ ይቅር ሳይባል መንገድ አይወጣም።

«ከፊልህ ሙት ሁን በሕይወት ኑር አያውቅም» አለው ሁንዴ። «ሄደህ አለሁ ልትለው ነው?»

«ቤታቸው እንጀራ በልቻለሁ፣ ወንድሜ። የሽማግሌው ሐዘን ላይ ጥዬ ነው የወጣሁት። እንዲህ ሆኜ ባሕር አልሻገርም።»

«የምን እንጀራ? ሩዝ ነው የበላኸው! በሩዝ ዐፉ አይባልም፣ ሸይኽ ሙኒር።»

ሙኒር አፉን ሸፍኖ ሳቀ። ሐሙስ ዕለት ግን ነጭ ልብሱን ለብሶ ተነሣ። ሁንዴ ብቻውን ሊሰደው አልቻለም።

አቡ ፋይሰል በሩን ራሱ ከፈተ። አልተቆጣም። እንዲያውም ፈገግ ብሎ ወዴት እንደሚሄድ፣ መቼ እንደሚሄድ፣ የትኛው ጀዋዛት እንደሚያመለክት አንድ በአንድ ጠየቀው። ሁንዴ ከኋላው ልብሱን ጎተተው፤ ሙኒር ግን ለሽማግሌ እንደሚናዘዝ ልጅ ሁሉንም ተናገረ። ዐይኑ ግን ከአቡ ፋይሰል ትከሻ በላይ፣ ወደ ሽማግሌው ክፍል የተዘጋ በር ይመለከት ነበር።

«ዐፉ በለኝ፣ አቡ ፋይሰል» አለ በመጨረሻ።

ሰውዬው «ዐፉ የሚልህ አባቴ ነበር። አንተንም የሚያውቅህ እሱ ነው» ብሎ በሩን ቀስ አድርጎ ዘጋው።

በሚቀጥለው ሳምንት ጀዋዛት ተሰልፈው የሙኒር ተራ ደረሰ። ሠራተኛው ኮምፒውተሩን አየ፣ ሙኒርን አየ፣ «መጥሉብ» አለ። ተፈላጊ ማለት ነው። ከፊልህ ከስሶሃል፤ የአባቴን ቀለበት ሰርቋል ብሏል። ክሱ ሳይነሣ መውጫ የለም። ያን ቀለበት ሐኪሞች ሆስፒታል ውስጥ ከሽማግሌው ያበጠ ጣት ላይ ቆርጠው ሲያወልቁት ተቀብሎ ኪሱ የከተተው አቡ ፋይሰል ራሱ ነበር። ሙኒር አጠገቡ ቆሞ አይቷል። ያየውን ግን ለማን ይናገራል?

ሁንዴ በተሰባበረ ዐረብኛው ለአቡ ፋይሰል ደወለ።

«አንተ ማነህ?» አለ አቡ ፋይሰል።

«ወንድሙ ነኝ። በአላህ ይዤሃለሁ፣ ክሱን አንሣለት።»

«እንግዲያው ወንድምህን አንተ ጥራው። እዚህ ቤት ሙኒር ሙኒር የሚል ሰው ሞቷል። ኸላስ፣ በቃ።»

ከዚያ ወዲያ ስልኩን አላነሣም።

ሙኒር ከዚያ ቀን ጀምሮ እንቅልፍ አጣ። ግድግዳ ተደግፎ ይቀመጣል፤ ሁንዴ ሲተኛም ሲነቃም እዚያው ነው። ሚስከር ስትደውል «ደርሷል፣ ትንሽ ነው የቀረው» ይላታል። የምሕረቱ ቀን አለፈ። ሰቢል ጭር አለ፤ ሱቆች ተዘጉ፤ ፖሊስ ቤት ለቤት መግባት ጀመረ። ትንሽ ልሥራና ነገ እሄዳለሁ ሲል የቆየው ሁንዴም ቀኑ አምልጦታል። ውሃ እንኳ የሚገዛላቸው ሲጠፋ ሁለቱ ሻንጣቸውን ይዘው፣ ከብዙ ሐበሻ ጋር፣ እጃቸውን ሰጡ።

ማቆያው እንደ መጋዘን ሰፊ አዳራሽ ነበር። አሻራ ሰጡ። ሁንዴን ወደ አገር ቤት ከሚሳፈሩት ጋር አሰለፉት። ሙኒርን ግን ክስ ያለባቸው ወደሚጠብቁበት ጥግ ለዩት፤ ወደ መካ ፖሊስ የሚመለስ ነው። ዘበኛው ሲዘናጋ ሁንዴ ሄዶ አጠገቡ ቁጭ አለ።

«ሁንዴ» አለ ሙኒር፣ «እስቲ አንተ እንኳ ዐፉ በለኝ።»

«ለምኑ?»

«መካ ድረስ አንከራትቼሃለሁ።»

«ሂድ ወዲያ! ሩዝ እንኳ መቼ አበላኸኝ?»

ሙኒር ሳቀ። በዚህ ጊዜ አፉን አልሸፈነም። ከዚያ ራሱን የሁንዴ ሻንጣ ላይ አሳረፈ።

ሁንዴ የቀለደውን ትቶ የተጠየቀውን ቃል ሊል ዞረ። የራሱ ስም ከበሩ በኩል ተጠራ። «ያላ!» አለ ዘበኛው። ሁንዴ ጎንበስ ብሎ አየው፤ ትንፋሹ ረጋ ብሏል፣ ጣቶቹ ተፍታተዋል። ሊቀሰቅሰው እጁን ዘርግቶ መለሰው። ሻንጣውን እዚያው፣ ከሙኒር ራስ ሥር፣ ተወለት። አሱር ተሰግዶ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ሆኖ ነበር፤ ሙኒር ተኝቷል።