ወፏ ዝም ስትል የሚነቁት ጠባቂ

የልጅ ልጆቼ «አኮ፣ ልጆች ሳለን በፉጨት የወፍ ዜማ ስላስተማሩን ሽማግሌ ንገሪን» አሉኝ። ጓሮ ያሉት ወፎች ድንገት ጸጥ ሲሉ ቀና ማለቴን አይተው ነው።

ኦቦ ለሜሳ ይባላሉ። ጉደር ወንዝ ዳር ያለውን በቆሏችንን ከጦጣ ይጠብቁልን ነበር። እሳቸውና ሴት ልጃቸው ዓመቱን የሚዘልቁት ከምርቱ በሚደርሳቸው ድርሻ ነው። በእኛ አገር እሸት ጠባቂ ይጮኻል፣ ቆርቆሮ ይደበድባል፤ ባለቤቱ ቤቱ ሆኖ ያንን ሲሰማ ልቡ ያርፋል። የኦቦ ለሜሳ ማማ ግን ጭጭ! አንዴ ወንጭፉ ያፏጫል፣ ከዚያ ደግሞ ጭጭ። ተኝተው ይሆን? ወይስ እሸቱን ለሰው እያስጫኑት?

ስጠይቃቸው «አዴ ጫልቱ፣ ጦጣ ጩኸት ትለምዳለች፤ ስትፈራም የምትጮኸው እሷው ናት» አሉኝ። «ያቺ ባለ ነጭ ቅንድብ ወፍ ደግሞ ስትዘፍን ትውልና ስትፈራ ዝም ትላለች። እኔ የምጠብቀው ዝምታዋን ነው።»

«እንግዲያው ድርሻውን ለወፏ ልስጣት?»

ሳቁ። እኔ አልሳቅኩም።

አንድ ቀን ከሰዓት ኮንጎ ጫማዬን በእጄ ይዤ በበቆሎው መሀል ተሹለክልኬ ሄድኩ። ቆርቆሮው ተሰቅሏል፤ እሳቸው ዓይናቸውን ጨፍነው አገጫቸውን ቀና አድርገዋል።

«ነይ አዴ ጫልቱ፤ ጦጣ እንኳ እንዲህ አትደበቅም» አሉ፣ ዓይናቸውን ሳይገልጡ።

አጮልቀው አይተውኛል ብዬ ይባስ ጠረጠርኩ። «ተኝተው ነው የሚጠብቁልኝ? ይውረዱ፣ በቃን» አልኳቸው።

«ልጄ እስክትመጣ ልቀመጥ።»

«መጥታ ምን ልትሸከም?»

ልጅቷ እስክትመጣ ቆሜ ጠበቅኩ፤ ባዶ እጇን ነበረች። አባቷን እጃቸውን ይዛ ወሰደቻቸው።

በማግስቱ ጉሮሮው የማይደክም ሰው ቀጠርኩ። ቀኑን ሙሉ ሲጮኽ ልቤ አረፈ። ጦጣዎቹም ለመዱት፤ ለአጨዳ ስንገባ የቀረን አገዳ ነው። ያኔም ኦቦ ለሜሳ ረግመውን ነው አልኩ።

ከስንት ዓመት በኋላ፣ እሳቸው ካረፉ ወዲህ፣ ልጃቸውን አምቦ ገበያ አገኘኋት። «አባትሽ እኮ ዓይናቸውን ጨፍነው ነበር የሚጠብቁልን» አልኳትና ሳቅኩ።

«አዴ፣ እናንተ ጋ ሲቀጠር ዓይኑ ከጠፋ ሁለት ክረምት አልፎት ነበር» አለችኝ። «ሥራ እንዳይከለከል ብለን ለሰው አልተናገርንም። ሳይነጋ ማማው ላይ የማወጣው እኔ ነበርኩ።»