ሦስት ሲኒ እንዶድ

አልቅቱን መጀመሪያ ያየሁት እኔ ነኝ። ላማችን ስታመነዥክ ከምላሷ ሥር ጥቁር ነገር ተለጥፏል፤ ደም ጠጥቶ አብጦ ይላወሳል። ኤጭ! ዛሬም ሳወራው አፌን ምራቅ ይሞላዋል። ደርግ ከወደቀ ሁለት ሦስት ዓመት ቢሆነው ነው፤ እኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ መካኒሳ አቦ እናቴ ቤት ቁጭ ብያለሁ። አባቴ ሞቷል። የምንኖረው በዚያች በአንዲት ላም ወተት ነው። ወደ ለቡ ሜዳ ስትሰማራ ከረጋ ውሃ ጠጥታ ነው አልቅቱን ያመጣችው። የሰባት ወር እርጉዝ ስለሆነች ወተቷም ሊነጥፍ ደርሷል፤ እናቴ ጥጃውን ነው የምትጠብቀው። ላሟ ከሞተች አለቀልን፤ ሌላ ምንም የለንም።

የሰፈሩን ከብት የሚያክሙት ጎረቤታችን ነበሩ፤ ጡረታ የወጡ የፋብሪካ ዘበኛ። እኔ ሳያቸው ይቀፈኝ ነበር። ሱረታቸውን ከንፈራቸው ሥር ወትፈው፣ በዚያው ጣታቸው የላሟን ምላስ ጎትተው አዩና ጢቅ ብለው ተፉ።

“ለዚህ እንዶድ ነው መድኃኒቱ” አሉ።

ጋቢ የምናጥብበት እንዶድ! በፌስታል ቋጥረው አመጡልኝ። “አንድ ሲኒ ብቻ ወቅጠሽ በጠርሙስ ውሃ በጥብጪው። ከዚያ በላይ እንዳትሞክሪ፣ ሰማሽ?” እሳቸው ጭንቅላቷን ያዙ፣ እኔ ጋትኳት። አረፋው በአፍንጫዋ ገነፈለ። አስነጠሳትና ልሃጩንም ደሙንም ፊቴ ላይ ረጨችው፤ አፌ ውስጥ ገባ። ጉሮሮዬን ከረከረኝ። ደጅ ሮጬ ወጥቼ የበላሁትን ሁሉ አስታወክሁ።

በማግስቱ አልቅቱ እዚያው ነው። እናቴ ገበያ ወጥታለች። እኔ የተማርኩት፣ ሁሉን አዋቂዋ፣ “አረፋው አንሶ ነው” አልኩ። ጋቢ ሲታጠብ አረፋው ካልበዛ እድፉ መች ይለቃል? በዚህ ሒሳብ ሦስት ሲኒ ሙሉ ወቀጥኩና ላሟን ከግንድ አሥሬ ብቻዬን ጋትኳት። ፌስታሉ ባዶ ቀረ። ትንሽ ቆይቶ አልቅቱ ዱብ አለ። በጫማዬ ጨፈለቅሁት፣ ጧ ብሎ ፈነዳ። እሰይ! አልኩ።

ከሰዓት በኋላ አስቀመጣት። መጀመሪያ ውሃ ነበር፣ ቀጥሎ ደም፣ ከዚያ የአንጀት ልጣጭ የመሰለ ዝልግልግ ነገር። ሽታው ልብስ ላይ ተጣብቆ አይለቅም፤ ምግብ ሳቀርብ እጄ ይሸተኛል። እናቴ ግን በባዶ እጇ ትዝቀዋለች፣ ጭራዋን ታጥብላታለች። “አይዞሽ የኔ እናት፣ አይዞሽ” ትላታለች፤ ላሟን።

በሦስተኛው ቀን የከብት ሐኪም ለምና አመጣች። ልጅ እግር ነው፣ ትዕግሥተኛ። እንዶድ መጋቷን ሲሰማ ሁለት ብርጭቆ አስመጥቶ በሁለቱም የጨው ውሃ አደረገ፤ በአንዱ ላይ ሽማግሌው ጎረቤታችን ከቤታቸው ያመጡለትን የእንዶድ ውሃ ጨመረበት። ከላሟ አንገት ደም ቀዳና በየብርጭቆው ጠብ አደረገ። አንደኛው ደፈረሰ። እንዶድ ያለበት ግን ቀላና ጥርት አለ፤ ማዶው ይታያል።

“ደም ውስጥ ዓይን የማያያቸው ሴሎች አሉ” አለ። “ልባሳቸው ቅባት አለበት። እንዶድ ከጋቢ ላይ ቅባቱን እንደሚያስለቅቅ ይሄንንም ይበሳዋል፣ ሴሉ ይፈነዳል። የአንጀቷም ሽፋን እንዲሁ ነው የተላጠው።” ያንን እኔ ነኝ ያጠጣኋት።

“ስንት ሰጣችኋት?”

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። “አንድ ሲኒ” አልኩ፣ “እሳቸው እንዳዘዙኝ።”

ሐኪሙ ግራ ገባው። “አንድ ሲኒ ይህን ሁሉ?” ሽማግሌው በረቱ በር ላይ የተንጠለጠለውን ባዶ ፌስታል አዩ። እኔንም አዩኝ። ፌስታሉን አውርደው ኪሳቸው ከተቱት። እናቴ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ አንቱታውን ጣለች። “አንተ ነህ የገደልካት! ውጣልኝ ከግቢዬ!”

ተልባ አፍልተን ጋትናት፣ አልጠቀማትም። ሰዎች ቢላ ይዘው መጡ፤ በክት ሳትሆን እንረዳትና ሥጋው እንኳን ይትረፍሽ አሏት። እናቴ ጥጃው ሆዷ ውስጥ እያለ አላስነካም አለች። በበነጋታው ረፋድ ላይ አስወረዳት። ጠጉር ያልጨረሰ፣ ዓይኑ የተዘጋ፣ ሞቶ የወጣ ጥጃ። ላሟም ከሰዓት አልደረሰችም። በገመድ ጎትተው ሲወስዷት የሆዷ ፈሳሽ አሁንም ይፈስስ ነበር፤ መንገዱን ውሃ እየደፋሁ የጠረግሁት እኔ ነኝ።

ሳምንት ሳይሞላ ሽማግሌውን ቦኖ ውሃ ላይ አገኘኋቸው። ላልፋቸው ስል ጠሩኝ።

“ጨርሰሽ እንደሰጠሻት አውቃለሁ” አሉ በለሆሳስ። “ለእናትሽ እንዳትነግሪያት። እኔን ብትጠላ ሌላ ጎረቤት አላት፤ ካንቺ ሌላ ግን ማንም የላት።”

እኚህ ሰው ናቸው የሚቀፉኝ የነበሩት። “እሺ አባባ” አልኳቸው። ቀለለኝ፤ መቅለሉ ነው እስካሁን የሚያንገሸግሸኝ።

እናቴ ከዚያ ወዲህ ሰላምታ ነሳቻቸው። ሲሞቱ ሰፈሩ በሙሉ ሲወጣ እሷ ለቅሶ አልደረሰችም። እኔም አብሬያት ቤት ቀረሁ።