የባለ አልጋዋ መኪና ባሌስትራ

ልጄ ዳዊት አገር ጎብኚ የሚያመላልስባት፣ አልጋም ምድጃም ያላት መኪና አለችው። ባለፈው ቅዳሜ ደሴ መጣና ግቢዬ አቁሟት፣ ሰላምታውን እንኳ በቅጡ ሳይጨርስ ከሥሯ ገብቶ ተኛ። ምን ሆነች ስለው፣ እንዳትንገጫገጭ ብሎ ከሥሯ ወፍራም ባሌስትራ አስገብቶላት ይባስ ብላ እንደ ፍየል ትዘላለች አለኝ። ልጅ ተቸግሮ አባት መሳቁ ነውር ነው፤ እኔ ግን እስኪያስለኝ ሳቅሁ። ይህቺን ፍየል ከእሱ በፊት አውቃታለሁ።

ከድርቁ በኋላ፣ ንጉሡ ወርደው አገሩ ሁሉ ስለ መሬት በሚያወራበት ጊዜ፣ መካነ ሰላም የአንድ እርዳታ ቡድን ሾፌር ነበርኩ። ጢሜ ገና በቅጡ አልበቀለም፤ አፌ ግን የሙሉ ሰው ነበር። የምነዳት መኪና ሐኪሙ ከመጠለያ መጠለያ ሲዞር የሚያድርባት፣ ከኋላዋ አልጋ የተሠራላት ናት። በዚያ ክረምት ሰማዩ ታርቆ እህሉ ይዞ ነበር። ጥር ሲገባ ወደ አቀስታ በሚወስደው መንገድ ዳር የሠርግ ዳስ ማየት ስጀምር፣ መሪዬን እንደያዝኩ ብቻዬን አለቅስ ነበር። የደስታ ነው። በዚያው መንገድ ከዚያ በፊት የጫንኩትን የማውቀው እኔ ነኝ።

እማማ ሰዓዳ መጠለያው ውስጥ ከቀሩት አንዷ ነበሩ። ባላቸውንና ልጆቻቸውን ድርቁ ወስዶባቸው የቀረቻቸው ልጃቸው ሐዋ ብቻ ናት። እሳቸው ወድቀው ጭናቸው ተሰብሮ፣ ወጌሻው አያ ይመር በሸምበቆ አስረው አስተኝተዋቸዋል። ሐዋ ደግሞ የግማሽ ቀን መንገድ ርቃ፣ በመንደራቸው አጎቷ ቤት ልትዳር ነው። «እናቴ ቆማ ባትመርቀኝ ተኝታ ትመርቀኝ፤ ያለዚያ ከጓዳ አልወጣም» ብላ ላከች። ማንም ሳይጠይቀኝ «እኔ አደርሳቸዋለሁ!» አልኩ።

አያ ይመር ችኩል ሰው አይወዱም። «አጥንቱ ገና ለጋ ነው፤ አንዴ ከተንገጫገጨ አለቀ» አሉኝና በሸክላ ኩባያ ውሃ ሞልተው የመኪናዋ አልጋ ላይ አስቀመጡ። «እስከ ገበያው ደርሰህ ተመለስ። ውሃው ካልፈሰሰ ይሄዳሉ።»

ፈሰሰ። ባሌስትራዋ ተደራርበው ከታሰሩት ብረቶች አንዱ ተሰብሮ ኖሮ፣ ጉድጓድ በነካች ቁጥር ወለሏ ይደቃ ነበር። እኔ ግን እጅ የምሰጥ ሰው አይደለሁም። ከተማው ዳር ሞታ የቀረች የጭነት መኪና ነበረች፤ ከእሷ ወፍራም ወፍራሙን ብረት ፈትቼ፣ የኔይቱን በክሪክ አንስቼ፣ ግራና ቀኝ ደራርቤ አሰርኩላት። «አሁን እንቁላል ብትጭን አትሰብርም» ብዬ ለከተማው ሁሉ አወራሁ። ባዶዋን ነድቼ ስመለስ ውሃው የት እንደደረሰ አላውቅም፤ ኩባያው ራሱ ተሰብሮ ነበር። አያ ይመር ስባሪውን አንስተው አገላብጠው አዩት።

«እኔ የሰው ስብራት እንጂ የሸክላ አላሽም» አሉኝ።

እማማ ሰዓዳ ይህን ሰምተው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ምነው ምላሴን በቆረጠው አልኩ።

የሠርጉ ዕለት ጠዋት የመንደራቸው ቅሬ ቃሬዛ ይዞ ከተፍ አለ። ቅሬ ማለት ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አንድ ላይ ሆኖ የሞተ የሚቀብርበት፣ የታመመ የሚሸከምበት ማኅበር ነው። ግን ምን ዋጋ አለው፣ ሰዎቹ ገና ከረሃብ የተነሡ፣ ትከሻቸው ሥጋ ያልያዘ ነበሩ። አያ ይመር አንድ በአንድ አዩዋቸውና «ቁልቁለቱ ላይ ትጥሏቸዋላችሁ» አሉ።

«እንግዲያ መኪናው ውስጥ ሆነን እንሸከማቸዋለን» አሉ የቅሬው ሽማግሌ።

«አባባ፣ ይህን ሁሉ ሰው? ባሌስትራው ይሰበራል!» አልኩ።

«ቅሬ እያለ የቅሬ ሰው ብቻውን አይሄድም፤ ነውር ነው። ይልቅ ተነሥና ንዳ።»

ገቡ። አልጋው ላይም ሆነ ወለሉ ላይ፣ ጉልበት ለጉልበት ተጣብቀው ተቀመጡና ቃሬዛውን እላያቸው ላይ አሳረፉት፤ ቦታ ያጣው በር ላይ ተንጠለጠለ። አያ ይመርም እየተነጫነጩ ከፊት ገቡ፤ ለእማማ ሰዓዳ ግን ውሃ የሞላ ጣሳ አስይዘዋቸዋል። እኔ ቀስ ብዬ ነዳሁ። የመጀመሪያው ጉድጓድ ላይ ስንደርስ ማርሽ ቀነስኩ። መኪናዋ ዝቅ አለች፣ ቀና አለች፣ አለፈች። ሁለተኛውንም እንደዚያው። ወላሂ እላችኋለሁ፣ ክርስቲያን ሆኜ፣ ያቺ ፍየል በቅሎ ሆነች።

«አብሽሩ ልጆቼ፤ ጠብታ አልወጣውም» አሉ እማማ ሰዓዳ ከኋላ።

ያን ጊዜ የሠርግ ዘፈኑ ተነሣ። አውድማው ላይ በሬ ይሄዳል፤ የጭዱ አቧራ በመስኮት ይገባል፤ አንዱ የባቄላ ቆሎ በትከሻዬ በኩል ያቀብለኛል። እየቆረጠምኩ እነዳለሁ፤ ከዚያ ወዲህ እንደዚያ የጣፈጠኝ ነገር የለም።

ዳሱ አጠገብ ቃሬዛውን ሲያወርዱ ሐዋ ከጓዳ ሮጣ ወጣች። እማማ ሰዓዳ ከጣሳው አንድ ጊዜ ጎንጨት አሉና የቀረውን በልጃቸው መዳፍ ላይ አፈሰሱላት። «ጠጪ። የሞቱት ልጆቼ ያልጠገቡትን ዕድሜ አላህ ላንቺ ይስጥሽ።» ሐዋ ጠጣች። ከዚያ እናትየው እንደተኙ እልል አሉ፤ ሰው ሁሉ ተቀበላቸው። ያን ቀን ሰው እጁን ሳይሰስት ሲበላ አየሁ፤ እኔም ሆዴ እስኪወጠር በላሁ።

አያ ይመር የደረሳቸውን አጥንት እየጋጡ «ለመሆኑ ምን አድርገህላት ነው?» አሉኝ። ኮስተር ብዬ «ሁሉንም አስቤበት ነው» አልኩ። ሳቁ እንጂ አላመኑኝም። ነገሩ የገባኝ በኋላ ነው፤ ለጭነት የተሠራ ባሌስትራ ጀርባው ላይ ክብደት ካላረፈበት አይታጠፍም፤ ባዶ ሲሆን መዝለል ነው ሥራው።

ይህን ለዳዊት ስነግረው ከመኪናው ሥር ወጣና ፊቱን ጠረገ። «ታዲያ አሸዋ በጆንያ እጭንባታለሁ» አለ።

«ጫን» አልኩት፤ «ግን አሸዋ አይዘፍንም።»

እሁድ ጠዋት ጎረቤቱን ሁሉ ጠርተን፣ ጉልበት ለጉልበት አጣብቀን ጭነን፣ ወደ ሐይቅ ወረድን። እኔ ጣሳ ሙሉ ውሃ ይዤ ከፊት ተቀመጥኩ። ሐይቅ ስንደርስ ጠጣሁት።