የመሪጌታ ጥዑም ሐርድ ዲስክ

ትናንት ልጄ ቪዲዮዎቿን ወደ ሐርድ ዲስክ ስትገለብጥ «እማ፣ ይሄ ነገር ተኝቷል እኮ» አለችኝ። ከወጥ ቤት ሆኜ «ገመዱን ቀይሪው» አልኳት። ሠራ። እንዴት እንዳወቅሁ ስትጠይቀኝ ወረታ ከተማ ትዝ አለችኝ።

ያኔ ትምህርቴን ጨርሼ የወንድሜን የኑሩን ሱቅ እጠብቅ ነበር። አስፋልቱ ዳር ያለች ጠባብ ሱቅ ነበረች፤ ፎቶ እናትማለን፣ መዝሙሩንም መንዙማውንም በሚሞሪ ካርድ እንጭናለን። ወሩ ነሐሴ ነው። የፎገራ ሜዳ ላይ ውሃ ተኝቶ፣ ሩዙ አረንጓዴ አናቱን ብቻ ያሳያል። ከገጠር የሚመጣ ሰው ሁሉ እስከ ጉልበቱ ጭቃ ነው።

መሪጌታ ጥዑምም እንዲያው ሆነው ገቡ። ሜዳው ላይ ካሉት አጥቢያዎች በአንዱ ዜማ የሚያስተምሩ፣ ቀጭን፣ ዐይናቸው የማያርፍ ሰው ነበሩ። ከጋቢያቸው ሥር በፌስታል የተጠቀለሉ ሁለት ዲስኮች አወጡ፤ አንድ አሮጌ፣ አንድ አዲስ። አሮጌው ላይ ክረምቱ ሳይገባ ያረፉት መምህራቸው ሲያስተምሩ የተቀዳ ድምፅ አለ። ሌላ ቅጂ የለውም። ወደ አዲሱ እንድገለብጥላቸው ነው የመጡት።

«ስምሽ ማነው?»

«ሰሚራ።»

ወንበር ስበው ከጀርባዬ ተቀመጡ። የሙስሊም ስም ስለሰሙ ሊጠብቁኝ ነው ብዬ ከፋኝ።

ግልበጣው ተጀመረ፤ ግን ይንፏቀቃል። ኮምፒውተሩ እስከ ነገ እንደሚቆይ ይናገራል።

«ለምን ዘገየ? ወደ ሌላ ቦታም እየሄደ ይሆን?» አሉ።

«ከዲስክ ወደ ዲስክ ነው፣ መሪጌታ። እዚህ አይቀርም።»

«ያኛውም እንዲህ ብሎኝ ነበር።»

ሌላ ከተማ ያለ ባለሱቅ የመምህራቸውን ሌላ ዜማ ሊገለብጥ ተቀብሎ፣ ብዙም ሳይቆይ ገበያ ላይ ሲሸጥ ሰምተውታል። ነገሩ ከስሜ ጋር እንደማይገናኝ ነገሩኝ ማለት ነው። እኔም ግን ሙሉ በሙሉ አላመንኳቸውም።

የቫይረስ መፈተሻውን ዘጋሁ፤ ለውጥ የለም። ዲስኮቹን ከፊት ለፊት ነቅዬ ከኋላ ካሉት ፈጣኖቹ ሰማያዊ መሰኪያዎች ሰካኋቸው፤ ትንሽ ተሻለና ተመልሶ ተኛ። ያን ጊዜ ፈራሁ። አሮጌው ዲስክ እኔ እጅ ላይ ቢሞት ማን ያምነኛል? ጆሮዬን አስጠግቼ አዳመጥኩት። የሚሞት ዲስክ ያንኳኳል፤ ይህ ግን አያንኳኳም።

«የአሮጌው ገመድ አብሮት የመጣ ነው?»

«የፊተኛውን አይጥ በላው። ይህ ከገበያ የገዛሁት ነው። ምነው?»

«ከማዶ ካለው ፎቶ ቤት ሌላ ልዋስ።»

ዲስኮቹን ጋቢያቸው ውስጥ ከተው ተነሡ። «አብረን እንሄዳለን።»

በካፊያው አስፋልቱን ተሻገርን፤ እኔ ፊት፣ እሳቸው ኋላ። የተዋስነውን ገመድ ስሰካው ግልበጣው ይሮጥ ጀመር።

«አሁንስ ምነው ፈጠነ?» አሉ፤ ፍጥነቱንም ተጠራጠሩት።

የነሐሴው ጾም መፍቻ ሰዓት ሲደርስ ከኪሳቸው የሽምብራ ቆሎ አውጥተው ከስክሪኑ ዐይናቸውን ሳይነቅሉ ቆረጠሙ። ሲያልቅ «አሰሚኝ» አሉኝ። አዲሱ ላይ ካሉት አንዱን ከፈትኩ። ከቅጂው ውስጥ አንድ ሽማግሌ ሳሉና «ጥዑም! ይህን ከየት አመጣኸው? ከመጀመሪያው በል» ብለው ተቆጡ።

መሪጌታ ከወንበራቸው ተነሡ። ጋቢያቸውን አስተካክለው፣ አንገታቸውን ደፍተው ቆሙ። ድምፁ እስኪያበቃ አልተቀመጡም፤ እኔም መቀመጥ አልሆነልኝም።

ፊታቸውን በጋቢያቸው ጠረጉና «በይ አሁን ኮምፒውተርሽ ውስጥ ያለውን ሁሉ ክፈቺልኝ» አሉ። ከፈትኩላቸው። ምንም አልተገኘም።

«እንግዲህ እሱ ያውቃል» ብለው ወጡ።

እስከ መጨረሻው ያመኑኝ አይመስለኝም። ብዙ ጊዜ ተቀይሜያቸው ኖሬአለሁ። ባለፈው ወር ስልኬ ተበላሽቶ ለጠጋኝ ወሰድኩት። እናቴ ከማረፏ በፊት የላከችልኝ የድምፅ መልእክት እሱ ላይ ብቻ ነው ያለው። ጠጋኙ ልጅ በትሕትና «እናቴ፣ ከሰዓት ተመለሺ» አለኝ። ወንበር ስቤ ከጀርባው ተቀመጥኩ።