ሁሉም የሚያውቀው መርዶ

እናቴ ጅማ ላይ ሞታ ስትቀበር እኔ መቱ ውስጥ፣ የሆቴሉ ጓሮ ክፍሌ ውስጥ፣ በወባ እየተንቀጠቀጥኩ ነበር። ወሬውን ያመጣው ከጅማ የመጣ የጭነት መኪና ሹፌር ነው። ለእኔ ግን አልነገረኝም። እንደ ወጉ ለሆቴሉ ባለቤት ለእትዬ ዝቅ ባለ ድምፅ ነግሯቸው ወደ ጎሬ አለፈ። ከዚያ ሰዓት ጀምሮ ወጥ ቤቱ አወቀ፣ ባሩ አወቀ፣ መንገዱ ማዶ ያለው ፀጉር አስተካካይ ሳይቀር አወቀ። ያላወቅኩት እኔ ብቻ ነኝ።

ለታመመ ሰው መርዶ አይነገርም። ትኩሳቱ ይውረድለት፣ እህል ይቅመስ፣ የአገሩ ሰው ይፈለግለት፣ ከዚያ ጎህ ሲቀድ ሰው ሰብሰብ ብሎ ያረዳዋል። እስከዚያ ድረስ ሁሉም አፉን ይዘጋል። ወጉ ደግ ወግ ነው፣ ከእሱ ጋር ጠብ የለኝም። የሚያጣላው ዘመኑ ነበር። በደርግ ጊዜ አንድ ክፍል ስትገባ ሰው ሁሉ ዝም ካለ የምታስበው ስለ እናትህ አይደለም።

ሆቴል ስለው ለክብሩ ነው። ፊት ለፊቱ ባር፣ ከኋላው ጭቃ የሆነ ግቢ፣ ከግቢው ዳር በአንድ ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር የተደረደሩ ክፍሎች። ዝናቡ ሲወርድ ከጎንህ ካለ ሰው ጋር ለመነጋገር መጮህ ያስፈልግሃል፤ መቱ ላይ ደግሞ ዝናቡ የማይወርድበትን ቀን ፈልገህ ነው የምታገኘው። እኔ መሬት ቀያሽ ነበርኩ። ኡካ ወርጄ፣ ቡሬ ተሻግሬ፣ ጫማዬን ጭቃ በልቶት እመለሳለሁ። ክረምት ሲገባ ሥራው ይቆምና አልጋዬ ላይ ተጋድሜ ጣሪያ እቆጥራለሁ። አዳሪዎች ይመጣሉ፣ ይሄዳሉ። የማንሄደው በወር የምንከፍል ወርኸኞቹ ነን፦ እኔና ከጎኔ ክፍል ያሉት የጨርቅ ነጋዴ።

ነጋዴው ከጉራጌ አገር የመጡ ሙስሊም ናቸው። ሱቃቸው ዋናው መንገድ ላይ ነው፣ ቤተሰባቸው አገር ቤት። እኔን ሳይሰድቡ እህል አይወርድላቸውም። «ቀያሹ፣ ይሄን አገር ለክተህ ለክተህ አላልቅ አለህ፤ አንተ ግን አለቅክ፣ ሱሪህ ሊወልቅ ነው» ይሉኛል በየማዕዱ። አንድ ትሪ ቀርቦ እንበላለን፤ በጾም ቀን እሳቸው ከእኛ ሽሮ ይካፈላሉ፣ በእሳቸው ጾም ደግሞ እትዬ ማፍጠሪያውን ሰዓት ከእሳቸው ቀድመው ያውቁታል። በሩን የሚጠብቁት አባባ ናቸው፣ ኦሮምኛና አማርኛ እየቀላቀሉ የሚቆጡ ሽማግሌ። አልጋ የምታነጥፈው ልጅ ደግሞ ሳቂታ ነች፣ ስትጠርግም ትዘፍናለች።

እትዬ ነጭ ይለብሱ ነበር፣ ሁልጊዜ ነጭ። ይህን ቀድሜ ልናገረው። አንድ ልጅ ነበራቸው፤ በክፉዎቹ ዓመታት ከትምህርት ቤት ሲመለስ ወስደውት አልተመለሰም። ሞተ ብሎ የነገራቸው የለም። አልሞተም ብሎ የነገራቸውም የለም። ያኔ እንደዚያ ለተወሰደ ልጅ ድንኳን መትከል ቀርቶ ጥቁር መልበስም ያስጠይቅ ነበር። መርዶ ስላልመጣላቸው ለቅሶም አልተቀመጡም። ሆቴሉ ውስጥ ስለ እሱ አይወራም፤ እኔም የሰማሁት ከነጋዴው ነው፣ አንዴ ብቻ።

አሁን ወደ ትኩሳቴ ልመለስ። መጀመሪያ ደስ አለኝ። የዶሮ መረቅ መጣልኝ፣ ሳልጠይቅ። መሃሉ የጎደጎደው አልጋዬ ወጥቶ በደህና አልጋ ተተካ። ሰው ሲታመም ነው የሚወደደው ብዬ ተንፈላሰስኩ። ትኩሳቱ ሲለቀኝና ዓይኔ ሲገለጥ ግን ሌላ ነገር ማየት ጀመርኩ። ባሩ ውስጥ ሙዚቃ የለም። «ቴፑ ተበላሽቷል» አሉኝ እትዬ፣ ወደ ሌላ እያዩ። አልጋ አንጣፊዋ አትዘፍንም። የጢም መላጫዬ ከመስኮቱ ጠርዝ ጠፋ።

«ምላጬን አይተሻል?» አልኳት።

«ኧረ አላየሁም ጋሼ» አለች። ዓይኗን እንባ ሞላውና መጥረጊያውን ጥላ ወጣች።

ስለ ምላጭ ያለቀሰ ሰው አይቼ አላውቅም። ሰው በመርዶ ቀን ራሱን እንዳይጎዳ ስለት ነገር ከአጠገቡ እንደሚነሳ ኋላ ነው ትዝ ያለኝ። በዚያ ሰዓት የታሰበኝ እስር ቤት ምላጭ ይዞ መግባት እንደማይቻል ነው።

ምሳ ላይ ነጋዴው አልሰደቡኝም። የወጡን ደህና ደህናውን ወደ ፊቴ እየገፉ «ብላ ልጄ፣ ጠንከር በል» አሉኝ። እውነቴን ነው፣ ነፍሴ የደነገጠችው ስድባቸውን ሲተዉኝ ነው። ፀጉሬን ልስተካከል ብዬ ስወጣ አባባ በሩን ለቀው ተከተሉኝ። አስተካካዩ ቤት ደጃፍ ላይ ዝናብ እየመታቸው ቆመው ጠበቁኝ። «ምነው አባባ?» ስላቸው «አይ፣ እንዲያው እግሬን ላፍታታ» አሉ፤ እኚያ እግራቸውን ሊያፍታቱ ይቅርና በሩን ለመክፈት እንኳ የሚያጉረመርሙ ሰው።

ያልጠረጠረ ተመነጠረ የሚባልበት ዘመን ነበር። አዲስ አበባ ተማሪ ሳለሁ አብሮኝ አንድ ክፍል ያደረ ልጅ ተወስዷል። እኔ ምንም አላደረግኩም። ምንም ያላደረገ ሰው ግን ያኔ ከሁሉ የበለጠ ይፈራ ነበር፣ ምክንያቱም የሚናዘዘው እንኳ የለውም። ሆቴሉን ሙሉ በዓይኔ ፈተሽኩት። ጆሮ ጠቢው ማን ነው? ነጋዴው? ልጅቷ? አብሬያቸው ከአንድ ትሪ የበላሁ ሰዎች ሁሉ መልካቸው ተቀየረብኝ።

ገና ሳይመሽ ጎሬ የሚሠራ ያገሬ ልጅ መጣ፣ አንድ ሰፈር ያደግን። «ለሥራ ነው» አለኝ። ለሥራ የመጣ ሰው እንደዚያ አጥብቆ አያቅፍም፤ አቅፎም ወዲያው ዓይኑን አያሸሽም። የመጨረሻው ግን የቀበሌው ሊቀመንበር ነው። ከእትዬ ጋር ወጥ ቤቱ ደጃፍ ቆመው ሲንሾካሾኩ በመስኮቴ አየኋቸው። ሊቀመንበሩ ቀና ብሎ ወደ ክፍሌ በር አየ። ራሱን ነቀነቀ። እትዬም ነቀነቁ። ያኔ አለቀልኝ አልኩ። እትዬ የለመኑት ለድንኳኑና ጎህ ሳይቀድ ለሚሰበሰበው ሰው ፈቃድ ነበር፤ ያለ ቀበሌው ፈቃድ ሰው ተሰብስቦ አያለቅስምና። ከመስኮት ሆኖ ግን ይሄ አይሰማም።

ፈሪ ለእናቱ ይባል የለ? እኔም ወደ ማን ልሽሽ? ወደ ጅማ፣ ወደ እናቴ። እሷ ጓዳ ከገባሁ ማንም አያገኘኝም የሚል የሕፃን ሐሳብ ነበር የያዘኝ። ሰዓት እላፊው እንዳለቀ፣ ሰማዩ ገና ሲገረጣ፣ ቦርሳዬን አንጠልጥዬ በወጥ ቤቱ ኋላ አጥር ዘለልኩ።

መናኸሪያው ውስጥ የጅማው አውቶቡስ ሞተሩን አስነስቶ ቆሟል፣ ግማሹ ባዶ። ትኬት ቆራጩ ሲያየኝ ፊቱ ተለዋወጠ።

«ቦታ የለም» አለ።

«ይሄ ሁሉ ወንበር ምንድነው?»

«ተይዟል።»

«በማን?»

ሰማዩን ማየት ጀመረ። ሹፌሩ ወርዶ ቦርሳዬን ከእጄ ወሰደና መሬት አስቀመጠው። «ወንድሜ፣ ዛሬ ባትሄድ ይሻላል» አለኝ፣ በለሰለሰ ድምፅ። እሱም ከእነሱ ጋር ነው አልኩ በሆዴ።

«ቱሪ! ቱሪ!» የሚል ጩኸት ሰማሁ። አባባ ናቸው፣ ቆይ፣ ጠብቅ እያሉኝ ከዘራቸውን እያወዛወዙ በጭቃው ይሮጣሉ። ከኋላቸው ነጋዴው ኮፍያቸውን በእጃቸው ይዘው፣ ከእሳቸው ኋላ እትዬ። ሊያረዱኝ ክፍሌ ሲደርሱ ባዶ አልጋ ነው ያገኙት። እትዬ ትንፋሻቸው ተቆራርጦ ፊቴ ቆሙና «ልጄ፣ ቁርስህን ሳትበላ ወዴት ነው?» አሉኝ።

ከጎናችን ሻይ የምትሸጥ ሴት ነበረች። እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ወደ እኔ ቀረበችና «እግዜር ያጽ…» ብላ ጀመረች።

«አንቺ! ሻይሽ ገነፈለ!» ብለው እትዬ ጮኹባት።

ሻዩ ገና አልተጣደም። ሴትዮዋ ግን ገባትና አፏን በነጠላዋ ያዘች። እትዬ ከዚያች ቀን በፊትም በኋላም ሰው ላይ ሲጮኹ ሰምቻቸው አላውቅም። መርዶ መንገድ ላይ አይነገርም፤ ሰው በቆመበት፣ በሰው መሃል፣ አንድ የማያውቃት ሴት ጥላው የምትሄደው ነገር አይደለም። ያን ያህል ቀን የተጠነቀቁት ለዚህ ነበር፣ እኔ ደግሞ ሮጬ ላበላሽባቸው ነው።

ይዘውኝ ተመለሱ። አባባ አንድ እጄን፣ ነጋዴው ሌላውን። የአገሬ ልጅ አብሮ የለም፤ የት ሄደ ብዬ አልጠየቅኩም።

«ጋሼ» አልኳቸው ነጋዴውን፣ «ምን አድርጌ ነው? ለእርስዎ ስል ይንገሩኝ።»

«ምንም አላደረግክም ልጄ። ምንም አላደረግክም» አሉኝ። እንባቸው በጢማቸው ላይ ይወርዳል። አሳልፎ የሰጠ ሰው ጸጸት ነው ብዬ ተረጎምኩት።

ከመናኸሪያው ስትወጣ መንገዱ ሁለት ይሆናል። ግራው ወደ ቀበሌው፣ ቀኙ ወደ ሆቴሉ ነው። እዚያ ስንደርስ ቆምኩ። አባባ ክንዴን ሳብ አድርገው «ኮቱ፣ ና» አሉና ወደ ቀኝ ታጠፉ። ወደ ቀኝ! አምላኬን አመሰገንኩ። እየሳቅኩ ነበር። ድምፅ አውጥቼ፣ እንደ ሰካራም እየሳቅኩ በሆቴሉ በር ገባሁ፤ እትዬም «ሳቅ ልጄ፣ ሳቅ» እያሉ ጀርባዬን ያሻሹኝ ነበር።

ግቢው ውስጥ ከባሩ የወጡት አግዳሚ ወንበሮች ተደርድረዋል። ጎረቤቱ ሁሉ ነጠላውን አዘቅዝቆ ተቀምጧል። የአገሬ ልጅ ከመሃላቸው ተነሳ። «እናታችን አረፈች» አለኝ። ሳቄ ገና ፊቴ ላይ ነበር።

ከዚያ በኋላ ያለውን ብዙ አላስታውስም። መሬት ላይ መውደቄን፣ ሁሉም እየያዙኝ አብረውኝ መውደቃቸውን አስታውሳለሁ። እና አንድ የሚያሳፍር ነገር፦ ከሐዘኑ በፊት፣ ለአንዲት ቅጽበት፣ ለካ አልከዱኝም የሚል ደስታ ተሰማኝ።

የእድሩ ድንኳን ተተከለ። አልጋዬ ወጥቶ ክፍሌ ውስጥ ፍራሽ ተነጠፈ። ለአንድ ሌሊት የመጡ እንግዶች ሻንጣቸውን አስቀምጠው ይቀመጣሉ፣ ንፍሮ ይዘግናሉ። ከቡሬ ለሕክምና የመጣች ሴት «ማን ሞቶ ነው?» ብላ ስትጠይቅ «የሆቴላችን ልጅ እናቱ ሞታበት» ሲሏት ሰማሁ። እሷም ተቀምጣ አለቀሰች። ነጋዴው ሱቃቸውን ዘግተው ከጎኔ አልተነሱም።

በማግስቱ ጠዋት እትዬ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አስረው ድንኳኑ መሃል ቆሙ። በእናቴ ጀመሩ፤ አይተዋት የማያውቋትን ሴት እንደ እህት ጠሯት። ደረታቸውን እየመቱ ድምፃቸው እየጨመረ ሄደ። ከዚያ «አንድ ልጄ» አሉ። «ልጄ፣ ማን ገነዘህ? ማን አፈር አለበሰህ? ደብተርህን ይዘህ እንደወጣህ…»

የሞተችው እናት ናት። ሁሉም ያውቃል፣ ማንም አላረማቸውም። ሊቀመንበሩ ፊት ለፊት ተቀምጦ ነበር። ሰው ሁሉ እሱን ላለማየት ሲጥር፣ እሱ ደግሞ ጫማውን ያይ ነበር። አባባ ከበር ሆነው በኦሮምኛ አብረዋቸው ማልቀስ ጀመሩ፣ ከዚያ ሴቶቹ፣ ከዚያ ሁሉም። እኔ ተነስቼ ከኋላቸው አቀፍኳቸው። «አልቅሺ እናቴ» አልኳቸው፤ አንቺ ብያቸው የማውቀው ያኔ ብቻ ነው። የማን ሞት እንደሚለቀስ ዝርዝሩ ጠፍቶን ነበር፣ ደግሞም አልፈለግነውም።

ድንኳኑ ሲነሳ እትዬ ጥቁር ለብሰው ወጡ። ለሚጠይቃቸው ሁሉ «ለዚህ ልጅ እናት ነው» ይሉ ነበር፣ እኔም አዎ እላለሁ።

ዓመቱ ሲሞላ እኔ ጥቁሬን አወለቅኩ። እሳቸው አላወለቁም። ከመቱ እስክለቅ ድረስ እንደለበሱ ነበሩ፤ ለማን ነው ብሎ የጠየቃቸውም አልነበረም።