ባርኔጣ የተቀመጠበት ወንበር

ሽማግሌው በግድቡ የተፈናቀሉት ከሰፈሩበት መንደር አውቶቡስ የሚሳፈሩት የታንኳ መቅዘፊያቸውን እንደ ምርኩዝ ይዘው ነው። ሁልጊዜ መጨረሻው ወንበር ላይ ይቀመጡና ከፊታቸው ባለው ወንበር ላይ የሴት ባርኔጣ ያኖራሉ። አውቶቡሱ በታጠፈ ቁጥር መቅዘፊያውን ጠበቅ ያደርጋሉ። ቲኬት ቆራጯ ዴውዛ ስማቸውን አታውቅም። ግን እሷም የአማዞን ወንዝ ዳር ልጅ ናት፤ ባል ከኋላ ሆኖ ታንኳውን ሲመራ፣ ሚስት ከፊት ተቀምጣ ውሃ ውስጥ ያለ ድንጋይ ስትጠቁም እያየች ነው ያደገችው። ስለዚህ ባርኔጣውን ያንሱ ብላቸው አታውቅም።

ዛሬ አውቶቡሱ በግድቡ ሠራተኞች ጢም ብሏል።

«አባባ፣ ባርኔጣም ሒሳብ ይከፍላል እንዴ?» አለ አንዱ ጎረምሳ። ጓደኞቹ አሽካኩ።

«ተዋቸው፣ አንተ ጅል!» ዴውዛ ጮኸችበት።

ሽማግሌው ግን ባርኔጣውን አንስተው ጉልበታቸው ላይ አደረጉት።

«ተቀመጥ ልጄ። ድንጋይ ስታይ ግን ቶሎ ንገረኝ።»

«የምን ድንጋይ?»

«ውሃውን ስታቁሩት የተሸፈነውን። ሚስቴ ዕድሜ ልኳን የምታውቀው ድንጋይ ነበር፤ ታንኳችን የተገለበጠ ዕለት ግን አላየችውም።»

ጎረምሳው አልተቀመጠም። ሽማግሌውም ባርኔጣውን አልመለሱትም። እስከ ግድቡ በር ድረስ ወንበሩ ባዶውን ሄደ።