ለኖሪን እጅ የተሠራ ጥይት

ሄርሸል ተትል ጠዋት ጫማውን ከማጥለቁ በፊት ያራግፋል። ጊንጥ ፈርቶ ነው። እዚህ ቱሳን በረሃ አካባቢ ጊንጥ መፍራት ነውር አይደለም፤ ሁላችንም እናራግፋለን። እሱ ግን ካራገፈ በኋላ ውስጡን በባትሪ ያያል፤ ካየ በኋላ ደግሞ ካልሲውን ያራግፋል። ዕድሜውን ሙሉ ሊፍት ሲጠግን ኖሮ ጡረታ የወጣ ሰው ነው። ሌላ ሰው የጠገነው ሊፍት ውስጥ ግን ቢሞት አይገባም። ለምን ሲሉት፣ «ማን እንደነካካው አላውቅማ» ይላል፤ ጉልበቱ እየተንቋቋ ደረጃውን ይወጣዋል።

ሚስቱ ኖሪን ደግሞ ፍርሃት ሲታደል ወረፋው ላይ ያልነበረች ሴት ናት። በሽጉጥ ተኩስ ትወዳደራለች። የእሷ ሽጉጥ አፈሙዙ ጫፍ ላይ፣ ከላይ በኩል ቀዳዳ ያለው ቁራጭ ብረት ተገጥሞለታል። ጥይቱ ሲወጣ የሚከተለው ጋዝ በነዚያ ቀዳዳዎች ወደ ሰማይ ይተፋና አፈሙዙን ወደ ታች ይጫነዋል። የሌላው ሰው ሽጉጥ እንደ በቅሎ ሲራገጥ፣ የእሷ ባለበት ይቆያል። ኖሪን በዚህ ሽጉጥ የልጅ ልጆቿ እኩያ የሆኑ ጎረምሶችን አሸንፋ፣ ሲሸነፉ ምን እንደሚመስሉ ለመንደሩ ሁሉ እያስመሰለች ትተርክ ነበር።

ከዚያ ቁርጥማት የቀኝ እጇን አንጓ ያዘው። ሐኪሙ ተኩሱን ተይ አላት። አለቀሰች ይባላል። እኔ አላየሁም። ያየሁት መኪናቸው ከሐኪም ተመልሶ በራቸው ላይ ሲቆምና ለረጅም ጊዜ ማንም ሳይወርድ ሲቀር ነው።

በሳምንቱ ያ ፈሪ ሰውዬ ባሩድ ገዝቶ ጋራዡ ውስጥ ቁጭ አለ። ርግጫው እጇን የማያሳምም ጥይት በገዛ እጁ ሊሠራላት።

እኔ ጎረቤቱ ነኝ፤ የማያገባኝ ነገር ውስጥ መግባት ደግሞ እወዳለሁ። አንድ ቀን ሄጄ፣ «ርግጫው እንዲቀንስ ከፈለግህ ባሩዱን ቀንሰዋ! ምን ያስለፋሃል?» አልኩት።

«አይሆንም። ብቀንሰው ጋዙ ያንሳል። ጋዙ ካነሰ አፈሙዙን ምን ይጫነዋል? ደግሞ ውድድሩ ላይ በፍጥነት መለኪያ ይፈትኑታል፤ የደከመ ጥይት ይዛ ከተገኘች ነጥቧን ያወርዱታል። መጨመር ነው ያለብኝ።»

«ለማለስለስ ትጨምራለህ? ጤና የለህም እንዴ?»

«ቀርፋፋውን ባሩድ እኮ ነው። ቀስ ብሎ የሚነደውን። ቀለሃው ጢም እስኪል።»

«ፈጣኑንስ ጢም ብታደርገው?»

የያዘውን ቀለሃ አስቀመጠና ግራ ቀኝ አየ፤ ቃሉን ባሩዱ እንዳይሰማው የፈራ ይመስል ነበር። «ፈጣኑ ከዚህ ግማሹ እንኳ ይበዛበታል። ሽጉጡ እጇ ላይ ይፈነዳል። እባክህ እዚህ ቤት ውስጥ እንደሱ አታውራ።»

ክረምቱን ሙሉ ሠራ። ትንሽ ይሠራና ኖሪን ትሞክረዋለች። «ይሄ በር የጨፈለቀው ጣት ነው» ትለዋለች። ተመልሶ ቀለሃው ጫፍ ላይ የሚገጠመውን እርሳስ ክብደት ይቀይራል፣ ባሩዱን ይመዝናል። «ይሄኛው ይነዝረኛል።» እንደገና ይመለሳል። በመጨረሻ አንድ ቀን ተኩሳ ዞር አለችና፣ «ሄርሽ፣ ይሄማ የድመት መዳፍ ነው!» አለችው። ጆሮው ድረስ ቀላ።

እዚያ ላይ ማቆም ነበረበት። ግን አንዱ ጥይት ሠሪ፣ ከባድ እርሳስ በትንሽ ፈጣን ባሩድ ቢገፋ ከዚህም ይለሰልሳል ብሎ ሹክ አለው። ጥይት ለራሳቸው የሚሠሩ ሰዎች የሚምሉበት አንድ ሕግ አለ፦ ጠረጴዛ ላይ ሁለት ዓይነት ባሩድ አይቀመጥም። ሄርሸል ይህን ሕግ በትልልቅ ፊደል ጽፎ ግድግዳው ላይ ለጥፎታል። ያን ማክሰኞ ግን ፈጣኑን ለሙከራ አወጣው፤ የቀርፋፋውን ጣሳም ሳያነሳ ቀረ።

ቅዳሜ ውድድር ነበር። ኖሪን ስትወዳደር ሄርሸል አይሄድም፤ ልቡ አይችልም። ቤት ቀርቶ የታጠበ ሰሃን ያጥባል። እኔ መሰላል ልዋስ ብዬ ስገባ ጋራዡ ውስጥ ቆሟል። በእጁ የፈጣኑን ባሩድ ጣሳ ይዞ ይነቀንቀዋል። ባዶ ነው ማለት ይቻላል።

«ማክሰኞ የሠራሁት ጥቂት ጥይት ነው» አለ ለራሱ። «የተረፈውን መልሼዋለሁ።»

«ታዲያ መልሰኸዋላ።»

«መለስኩት። ስልክ እያወራሁ መለስኩት።» አንገቱን ቀስ አድርጎ ወደ ሌላው ጣሳ አዞረ። «የት ነው የመለስኩት?»

ሁለቱም ባሩድ ግራጫ ነው፤ ሁለቱም እንደ ጤፍ የደቀቀ። ሄርሸል የቀርፋፋውን ጣሳ ከፈተና አየው። ምንም አይነግረውም ነበር። የኖሪንን ጥይት ሐሙስ ዕለት የሠራው ከዚያ ጣሳ ቀድቶ ነው፤ በቀርፋፋው ልክ፣ ቀለሃው ጢም ብሎ። የቱ ጥይት ንጹሕ፣ የቱ ፈጣኑ የገባበት እንደሆነ የሚያውቅ ፍጡር የለም። ሁሉንም አንድ ከረጢት ውስጥ ደባልቆ፣ አስሮ፣ ጉንጯን ስሞ ሰጥቷታል።

ደወለላት። ስልኳ ወጥ ቤት ውስጥ ጮኸ። ረስታው ሄዳለች።

የሄርሸልን አነዳድ መንደሩ ሁሉ ያውቀዋል። የቀብር መኪና ክላክስ እያደረገ አልፎታል። ያን ቀን ግን እኔን አጠገቡ አስቀምጦ፣ መሪውን በሁለት እጁ አንቆ በዚያ ጠጠር መንገድ ላይ እንደ እብድ ለቀቀው፤ ቁልቋሉ ሁሉ በመስኮቱ አንድ መስመር ሆነብኝ። ሰው በሌለበት በረሃ ላይ ሲታጠፍ ግን ፍሬቻ ያሳያል። ልስቅ ነበር። ፊቱን አይቼ ተውኩት።

ከተኩስ ሜዳው በፊት ያለችው ጉብታ ጋ ስንደርስ ተኩስ ተሰማ። ጣ፣ ጣ፣ ጣ።

«እሷ ናት» አለ። የራሱን ጥይት ድምፅ ያውቀዋል።

«አምላኬ፣ እየተኮሰች ነው!» አልኩ።

«ይተኮስ! መተኮሷ ደህና ነው። ይሄኛው ደህና ነው ማለት ነው።» ጣ፣ ጣ። «ይሄም ደህና።» ከዚያ ተኩሱ ቆመ። የሄርሸልም ትንፋሽ አብሮ ቆመ። ነፋስ ብቻ። እኔም እስከዚያ ቀን ዝምታን ፈርቼ አላውቅም ነበር። ያች ጉብታ ላይ ግን እባክሽ አንዴ ተኩሺ እያልኩ መለመን ጀመርኩ።

ስንደርስ ቆማለች። ሁለት ዓይን፣ አሥር ጣት። አንዱን ዙር ጨርሳ ኖሮ የመጨረሻው ዙር መስመር ላይ ሽጉጧ ውስጥ የጥይት ካዝና ስትከት ነበር። ጆሮዋ በድምፅ ማፈኛ ተሸፍኗል። ዳኛው ዱዌን ከኋላዋ ቆሞ የሰዓት መቁጠሪያውን ከፍ አድርጓል።

በተኩስ ሜዳ አደጋ ያየ ሰው ሁሉ ቁም ብሎ መጮህ ይችላል። ማንም ይሁን ማን፣ ያ ቃል ከተሰማ ሁሉም ሰው ይቆማል። ሄርሸል ሮጠ፤ እኔ ይሄን ቦርጭ ይዤ ከኋላው አለከልካለሁ። አፉን ከፈተ። ምንም አልወጣም። እንደገና ከፈተ፤ እንደ ዓሣ። እኔም ትንፋሽ አጥሮኝ ጮህኩ የምለው ሳል ሆኖ ቀረ።

መቁጠሪያው ጮኸ። ኖሪን ሽጉጧን መዘዘች። የመጀመሪያውን መታች። ሁለተኛውን መታች።

ያኔ ሄርሸል መስመሩን አልፎ ገባ። የተጎረሰ ሽጉጥ ፊት ለፊት፣ በዒላማዎቹ መሃል፣ እጁን ዘርግቶ። ያ ካልሲውን የሚያራግፍ ሰው!

ዱዌን እንደ በሬ ጮኸ፤ ሜዳው ሁሉ ጮኸ። ኖሪን ጣቷን ከምላጩ አነሳች፣ አፈሙዙን ወደ መሬት አወረደች። ፊቷ እንደ ኖራ ነጣ።

«አብደሃል?» አለችው። «አንተ ሽማግሌ፣ ልገድልህ ነበር እኮ!»

«ጥይቱ» አለ። ድምፁ አሁን መጣለት። «ጥይቱን አውጪው። ባሩዱን ደባልቄዋለሁ።»

ዱዌን ሽጉጧን ባዶ አስደረጋትና ወደ ሄርሸል ዞረ። አንገቱ ላይ ደም ሥሩ ተገትሯል። «ጠዋት ከከረጢቷ አንስተን በፍጥነት መለኪያው አሳልፈነዋል። ምንም አልሆነም። ይህን ሁሉ ዙር ተኩሳበታለች። እና አንተ ተነስተህ አፈሙዝ ፊት ትቆማለህ?»

«ክፈቱትና መዝኑት» አለ ሄርሸል።

የፈተናው ጠረጴዛ ላይ ሚዛንና ጥይት መንቀያ መዶሻ አለ። ጥይቱን መዶሻው ውስጥ ከተው ሲመቱት እርሳሱ ይነቀላል፤ ባሩዱ ይፈስሳል። ሁለቱ ባሩዶች ቀለሃው ውስጥ የሚይዙት ቦታ እኩል ቢሆን እንኳ ክብደታቸው ይለያያል። ዱዌን ሄርሸል የሠራበትን ልክ ጠይቆ ከካዝናው አንዱን ነቅሎ መዘነ። ትክክል ነው። ሌላውን። ትክክል ነው። ካዝናውን ጨረሰ፤ ሁሉም ትክክል።

ከኋላ አንዱ፣ «ኖሪን፣ ይሄን ሰውዬ ከፀሐይ አስገቢው» አለ። ተሳቀ። ሄርሸል ጠረጴዛውን ብቻ ነው የሚያየው። እውነቱን ለመናገር እኔም ያኔ፣ በቃ ይህ ሰው ፍርሃቱ ጭንቅላቱ ላይ ወጣ ብዬ ነበር።

«ከከረጢቱ» አለ ሄርሸል።

ዱዌን እየተነፈሰ ከከረጢቱ አንዱን ነቀለ። ባሩዱን ሚዛኑ ላይ ደፋ። ቁጥሩን አየ። አራግፎ እንደገና መዘነ። ከዚያ ሌላ ነቀለ። ያም ከልኩ የወጣ ሆነ። ዱዌን መዶሻውን፣ እንቁላል እንደሚያስቀምጥ ሰው፣ በጥንቃቄ አስቀመጠና ቀና አለ።

«ሕጉን ታውቃለህ፣ ሄርሽ። ተኳሽ እያለ መስመሩን ያለፈ ሰው እዚህ ግቢ ሁለተኛ አይገባም።»

«አውቃለሁ።»

«አመሰግናለሁ ልልህም እፈልጋለሁ። መጀመሪያ ግን ውጣልኝ።»

መኪናውን እኔ ነዳሁት፤ ኖሪን የመጣችበትን እዚያው ተውነው። ሁለቱም ከኋላ ተቀመጡ። ኖሪን እስከ ጉብታው ድረስ ስትሳደብ ነበር፤ ግድግዳ ላይ ስለተለጠፈ ሕግ፣ ስለ ስልክ ወሬ፣ አፈሙዝ ፊት ስለሚቆም ደደብ። ከጉብታው በኋላ ስድቡን መሃል ላይ ተወችው።

«ዛሬ ስንት ተኮስኩ?» አለች።

ሄርሸል ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ።

«ከዚያ ከረጢት፣ ሄርሽ። ስንት?»

«ብዙ» አለ።

በመስታወቱ አየኋት። ፍርሃት ሲታደል ያልነበረችው ሴት ጥርሷ ይንገጫገጫል፤ በዚያ ሙቀት። የታመመውን እጇን ዘርግታ የባሏን እጅ ያዘች፤ እሷንም እሱንም እንደሚያማቸው እስኪያስታውቅ ድረስ ጨመቀችው፤ አልለቀቀችም።

«አንተ፣ ቀስ ብለህ ንዳ» አለችኝ።

እየነዳሁ የነበረው አህያ በምትቀድመኝ ፍጥነት ነበር። ቢሆንም እግሬን ከነዳጁ ላይ አነሳሁ።